የሰገራ ምርመራ፦ ከዝግጅት እስከ ውጤት፣ ለሐዋሳ ነዋሪዎች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ሐኪሙ «ሰገራ» ብሎ የጻፈበትን ወረቀት ይዘው ወደ ላቦራቶሪ መስኮት ሲቀርቡ፣ በአብዛኛው የሚሰጥዎት አንዲት ትንሽ መያዣ ዕቃና «በዚህ አድርገው ያምጡ» የሚል አጭር ቃል ነው። ወረፋው ስለሚበዛ ባለሙያው ዘርዝሮ ለማስረዳት ጊዜ አያገኝም፤ ታካሚውም ነገሩ ስለሚያሳፍረው ደግሞ አይጠይቅም። ከዚህ የተነሣ ናሙናው ከሽንት ጋር ተቀላቅሎ፣ ፀሐይ ላይ ቆይቶ፣ ወይም ታካሚው በራሱ ፈቃድ ፍላጅል ውጦ ከጨረሰ በኋላ ተወስዶ ይቀርባል። ውጤቱ «ምንም የለም» ይላል፤ ሕመሙ ግን ይቀጥላል። ማይክሮስኮፕ የሚያሳየው የቀረበለትን ናሙና ብቻ በመሆኑ፣ ለመልሱ ትክክለኛነት ታካሚው ራሱ ትልቅ ድርሻ አለው። ቀጥሎ ያሉት ደረጃዎች የተጻፉት በሐዋሳ በጤና ጣቢያ፣ በሆስፒታል ወይም በግል ላቦራቶሪ የሚመረመር ሰው ይህን ድርሻውን በአግባቡ እንዲወጣ ነው።

አስቀድሞ ግን፣ ናሙና እስኪሰበሰብና ውጤት እስኪደርስ መጠበቅ የሌለባቸው ሁኔታዎች አሉ። ሰገራው የሩዝ ውሃ መስሎ በብዛት የሚወርድ ከሆነ፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከትኩሳት ጋር ከመጣ፣ ሰገራው ጥቁርና ተጣባቂ ሆኖ ማዞር ከተከተለ፣ ወይም ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ዓይኑ ጎድጉዶ ከፈዘዘና መጥባት ካቆመ፣ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል። ለተቅማጡ አንዱን የኦ አር ኤስ ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጦ በመንገድም ሳሉ በትንሽ በትንሹ መስጠት ይገባል። ምርመራው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ደረጃ 1፦ ምን እንደሚፈለግ ይጠይቁ

«የሰገራ ምርመራ» በሚለው ስም የሚጠሩት ምርመራዎች ብዙ ናቸው፤ ዝግጅታቸውም የተለያየ ነው። በየጤና ጣቢያውና በየክሊኒኩ በየዕለቱ የሚሠራው ቀላሉ የማይክሮስኮፕ ምርመራ ሲሆን፣ በእርሱ የሚፈለጉት እንደ አሜባና ጃርዲያ ያሉ ባለአንድ ሕዋስ ጥገኛ ተውሳኮች፣ እንዲሁም የወስፋት፣ የመንጠቆ ትል፣ የጅራፍ ትልና የቢልሃርዚያ እንቁላሎች ናቸው። ጨጓራቸውን ለሚያማቸው ሰዎች የሚታዘዘው ግን ኤች ፓይሎሪ የተባለውን የጨጓራ ባክቴሪያ የሚፈልገው የአንቲጅን ምርመራ ነው። በዓይን የማይታይ ደም መኖር አለመኖሩን ለማጣራት የስውር ደም ምርመራ፣ እንደ ሺጌላና ሳልሞኔላ ያሉ ባክቴሪያዎችን አሳድጎ ለመለየት ደግሞ ካልቸር ይታዘዛል። አክታ ማውጣት የማይችሉ ሕፃናት የሳንባ ነቀርሳ ሲጠረጠርባቸው በጂን ኤክስፐርት መሣሪያ ሰገራቸው ሊመረመር ይችላል፤ ልጃቸው የሚያስለው ሆኖ ሰገራ አምጡ የተባሉ ወላጆች ሐኪሙ የተሳሳተ መስሏቸው ሊደነግጡ አይገባም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የሚመክረው ዘዴ ነው።

ስለዚህ ከሐኪሙ ክፍል ከመውጣትዎ በፊት ሦስት ነገሮችን ይጠይቁ፤ የታዘዘው የትኛው ዓይነት ምርመራ ነው፣ የማቆመው መድኃኒት አለ ወይ፣ ናሙናው አንድ ጊዜ ይበቃል ወይስ ይደጋገማል? በምላሹ እርስዎም ሐኪሙ ሊያውቀው የሚገባውን ይንገሩ። ጥሬ ሥጋ የሚያዘወትሩ ከሆነ፣ ሰሞኑን የትል መድኃኒት ወስደው ከሆነ፣ ኮርቲዞን ያለበት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ይህ ሁሉ የሚፈለገውን ነገር ይለውጠዋል።

በሐዋሳ በተለይ ሳይነገር መታለፍ የሌለበት ከሐይቁ ጋር ያለዎት ግንኙነት ነው። የአንጀት ቢልሃርዚያ በሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ በሚኖሩ ተማሪዎችና በዓሣ አጥማጆች ላይ በተደጋጋሚ በጥናት ታይቷል። ተውሳኩ ውሃ ውስጥ ከሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ወጥቶ በቆዳ በኩል ይገባል፤ ስለዚህ የሚያጋልጠው መዋኘት፣ መረብ መጎተት፣ ዳርቻው ላይ ልብስ ማጠብ ወይም በባዶ እግር ውሃ ውስጥ መቆም ነው። አሞራ ገደል ሄደው በሾርባ ወይም ተጠብሶ የበሉት ዓሣ ቢልሃርዚያ አያስይዝም፤ ይህን የሚፈሩ ብዙ ሰዎች ስላሉ በግልጽ መባል አለበት። ሐኪሙ ስለ ሐይቁ ካወቀ የቢልሃርዚያን እንቁላል በተሻለ የሚያገኝ ዘዴ ሊያዝ ይችላል፤ ካላወቀ ግን በተራው ምርመራ ያልፋል።

ደረጃ 2፦ መድኃኒትንና ምግብን ያስተካክሉ

ለተራው የተውሳክ ምርመራ መራብ አያስፈልግም። ቁርስ በልተው ቢመጡ ጉዳት የለውም፤ ጾም መያዝዎም ሆነ መፍታትዎ ውጤቱን አይለውጠውም። ውጤቱን የሚያበላሸው መድኃኒት ነው። ሜትሮኒዳዞል (ፍላጅል)፣ ቲኒዳዞል፣ ዶክሲሳይክሊንና ሌሎች ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች ተውሳኮቹን ሳያጠፉ ቁጥራቸውን ስለሚቀንሱ፣ ሰውየው ታሞ ሳለ ናሙናው ንጹሕ ሊመስል ይችላል። ከተቻለ ምርመራው ከመድኃኒቱ በፊት ይሁን፤ መድኃኒቱ አስቀድሞ ተወስዶ ከሆነም ካለቀ 2 ሳምንት ያህል መጠበቅ ይሻላል። ለራጅ ተብሎ የሚጠጣው ነጩ ባሪየምም እንዲሁ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ያስጠብቃል፤ ብናኙ በማይክሮስኮፑ ዕይታ ውስጥ ተበትኖ ሌላውን ይሸፍናልና። የጉሎ ዘይትና ሌሎች ቅባትነት ያላቸው ማስቀመጫ መድኃኒቶች ደግሞ የዘይት ነጠብጣባቸው ባለሙያውን ያሳስታል፤ ሰገራ አልመጣ ስላለ ብቻ እነዚህን መውሰድ አይገባም።

እዚህ ላይ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። ለነቀርሳ፣ ለኤች አይ ቪ፣ ለልብ ወይም ለሌላ ዘላቂ ሕመም የታዘዘልዎትን መድኃኒት ለሰገራ ምርመራ ብለው በራስዎ ውሳኔ አያቁሙ። የሚወስዱትን በስሙ ይናገሩ፤ የሚቆም ካለ የሚያስቆመው ሐኪሙ ነው።

የኤች ፓይሎሪ ምርመራ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ሰው በጣም የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ኦሜፕራዞል፣ ኢሶሜፕራዞል፣ ፓንቶፕራዞልና የመሳሰሉት የጨጓራ አሲድ መቀነሻዎች ባክቴሪያውን ሳይገድሉ ስለሚያዳክሙት፣ ምርመራው ካለበት ሰው ላይ «የለም» ሊል ይችላል። በመሆኑም እነዚህ መድኃኒቶች ከምርመራው 2 ሳምንት በፊት፣ ፀረ ባክቴሪያና ቢስመዝ የተባለው የጨጓራ ማስታገሻ ያለባቸው መድኃኒቶች ደግሞ 4 ሳምንት በፊት መቆም አለባቸው። መድኃኒቱን ሳያቆሙ የተመረመሩ ከሆነ ውጤቱ በከንቱ አልወጣም፤ «አለ» ካለ ይታመናል፣ «የለም» ካለ ግን አይታመንም። ኦሜፕራዞል ከየመድኃኒት ቤቱ ያለ ማዘዣ እየተገዛ የሚዋጥ በመሆኑ፣ «ሐኪም ያዘዘልኝ መድኃኒት የለም» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ እውነቱን ሙሉ አይናገርም።

የስውር ደም ምርመራ ሁለት ዓይነት ነው። በኬሚካል ካርድ የሚሠራው የቆየው ዓይነት የሰውን ደም ከበሬ ደም ስለማይለይ፣ ጥሬ ሥጋ ወይም ክትፎ የበላ ሰው ሳይደማ የደማ ሊመስል ይችላል። ለዚህ ሲባል ከምርመራው 3 ቀን በፊት ጀምሮ የበሬ፣ የበግና የፍየል ሥጋ ይተዋል፤ ዓሣና ዶሮ ይፈቀዳል። በቀን ከ250 ሚሊግራም በላይ ቫይታሚን ሲ መውሰድ ደግሞ በተቃራኒው ያለውን ደም ይደብቃል። እንደ አስፒሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎች ራሳቸው ጨጓራን ሊያደሙ ስለሚችሉ ለሐኪሙ መነገር አለባቸው። የሰውን ደም ብቻ የሚለየው አዲሱ ዓይነት የምግብ ክልከላ አያስፈልገውም፤ የትኛው እንደሆነ ላቦራቶሪውን መጠየቅ በቂ ነው። በሁለቱም ግን በወር አበባ ቀናት ወይም ኪንታሮት በሚደማበት ጊዜ ናሙና መስጠት ትርጉም የለውም።

ደረጃ 3፦ ቀኑንና ሰዓቱን ይምረጡ

ሰገራ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ ሰዓት ይቆጠራል። የሚንቀሳቀሰው የአሜባና የጃርዲያ መልክ፣ በላቦራቶሪ ቋንቋ ትሮፎዞይት የሚባለው፣ ከሰውነት ከወጣ በኋላ ብዙ አይቆይም፤ ስለዚህ ውሃማ ሰገራ በ30 ደቂቃ ውስጥ፣ ለስለስ ያለው በ1 ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት። በሌላ በኩል የትል እንቁላሎችና የተውሳኮቹ ጠንካራ መልክ፣ ማለትም ሲስት፣ ስለሚቆዩ፣ የጠነከረ ሰገራ በዚያው ቀን ቢደርስ ይበቃል።

ተግባራዊ ትርጉሙ ይህ ነው፤ ተቅማጥ ያለበት ሰው ናሙናውን እዚያው በጤና ተቋሙ መጸዳጃ ቤት ቢሰጥ ይመረጣል። ከአቶቴ ወይም ከቱላ በኩል ባጃጅ ጠብቆ፣ ካርድ አውጥቶ፣ ወረፋ ይዞ ሰዓቱን መድረስ አስቸጋሪ ነው። ሰገራው የጠነከረ ከሆነ ግን ጠዋት ከቤት ይዞ መሄድ ይቻላል። ሥራ ሲጀመር ማድረስ ከምሳ ሰዓት መቃረቢያ ይሻላል፤ ዓርብ ዕለት የምሳ እረፍቱ ረዘም ስለሚል፣ 5 ሰዓት ላይ የደረሰ ናሙና ሳይታይ የመቆየት ዕድሉ ሰፊ ነው። ካልቸር ከታዘዘልዎት ደግሞ ናሙናው ፀረ ባክቴሪያ ከመጀመሩ በፊት መሰጠት አለበት፤ በ2 ሰዓት ውስጥ ማድረስ የማይቻል ከሆነም ላቦራቶሪው የማጓጓዣ ፈሳሽ ያለበት ልዩ ቱቦ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ።

ደረጃ 4፦ ናሙናውን ይሰብስቡ

ላቦራቶሪው የሰጠዎት ዕቃ ክዳኑ የሚገጥምና ደረቅ መሆኑን ይመልከቱ። ቀደም ባለው ጊዜ ሰው በክብሪት ቀፎና በቅጠል ጠቅልሎ ያመጣ ነበር፤ ካርቶኑ እርጥበቱን ስለሚመጥጠው ተውሳኩ ባለሙያው ከማየቱ በፊት ይደርቃል። ዛሬም የመድኃኒት ጠርሙስ ወይም የቅባት ዕቃ አጥበው የሚያመጡ አሉ፤ የሳሙናና የበረኪና ቅሪት ተውሳኩን ስለሚገድለው ይህም ጥሩ ልማድ አይደለም።

መጀመሪያ ሽንትዎን ለብቻው ይሽኑ። ሽንት ትሮፎዞይትን ያጠፋልና ይህ ቅደም ተከተል ቀላል መስሎ ቢታይም ዋጋው ትልቅ ነው። ከዚያ ሰገራው መሬት፣ የመጸዳጃ ቤት ጉድጓድ ወይም ውሃ ሳይነካ የሚቀበል ነገር ያዘጋጁ። መቀመጫ ያለው መጸዳጃ ከሆነ ንጹሕ ፌስታል ከመቀመጫው ሥር ዘርግቶ ጠርዙን በመቀመጫው መያዝ ይቻላል፤ በቁጢጥ የሚጠቀሙበት ከሆነ ደግሞ በደንብ ታጥቦ የደረቀ ፖፖ ወይም ሰፊ የፕላስቲክ ዕቃ ይበቃል። አፈር የነካ ናሙና አይወሰድም፤ በአፈርና በቆሻሻ ውሃ ውስጥ በራሳቸው የሚኖሩ ጥቃቅን ትሎች ስላሉ፣ ከእርስዎ ያልወጣ ነገር በእርስዎ ስም ሊጻፍ ይችላል።

ከዕቃው ጋር በመጣው ማንኪያ ወይም የእንጨት ዘንግ የአውራ ጣት ጫፍ ያህል ይውሰዱ፤ ፈሳሽ ከሆነ 5 ሚሊ ሊትር ያህል ይበቃል። ዕቃውን እስከ አፉ መሙላት አያስፈልግም፤ ሙቀት ሲያገኘው ጋዝ ፈጥሮ ክዳኑን ሊከፍተው ይችላል። ከአንድ ቦታ ብቻ አይውሰዱ፤ ከጫፉ፣ ከመሃሉና ከመጨረሻው ትንሽ ትንሽ ይቆንጥሩ። ደም ወይም ንፍጥ የሚመስል ነገር ካዩ እርሱን በተለይ ይጨምሩ፤ አሜባ ካለ ይበልጥ የሚገኘው በዚያ ነው። ሰው ያንን ክፍል እየተጸየፈ ትቶ «ንጹሑን» ማምጣቱ የተለመደ ስሕተት ነው።

በሰገራው ውስጥ ወይም በውስጥ ልብስ ላይ ጠፍጣፋ፣ ነጭና የሚንቀሳቀስ ቁራጭ ካዩ፣ የኮሶ ትል አካል ሊሆን ስለሚችል ሳይጥሉት በሌላ ዕቃ ትንሽ ውሃ ጨምረውበት ለብቻው ያምጡት። ከበሬ ሥጋ የሚይዘው የኮሶ ትል እንቁላል በማይክሮስኮፕ ብዙ ጊዜ ስለማይገኝ፣ ያ ቁራጭ ከናሙናው ሁሉ የሚበልጥ ማስረጃ ነው። በመጨረሻም ክዳኑን አጥብቀው፣ ዕቃውን በፌስታል ጠቅልለው፣ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።

ለሕፃናት ጥቂት ልዩነት አለ። ዳይፐር ፈሳሹን ስለሚመጥጠው፣ ውስጡ ላይ ፌስታል አንጥፎ ማልበስ ወይም ፕላስቲክ የሆነው ወገን ወደ ልጁ እንዲዞር ገልብጦ ማድረግ ያስፈልጋል። ልጁ ሌሊት መቀመጫውን እያሳከከው የሚቸገር ከሆነ ግን የሰገራ ምርመራ ትክክለኛው መንገድ አይደለም፤ ጥቃቅን ነጫጭ ትሎቹ እንቁላላቸውን የሚጥሉት በቆዳው ላይ ስለሆነ፣ ጠዋት ልጁ ሳይታጠብ የሚያጣብቅ ግልጽ ፕላስተር መቀመጫው ላይ አስነክቶ በማንሣት ነው የሚመረመረው።

ደረጃ 5፦ ጽፈው ያድርሱ

በዕቃው አካል ላይ ሙሉ ስምዎን፣ ዕድሜዎን፣ የካርድ ቁጥርዎን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይጻፉ፤ በክዳኑ ላይ አይጻፍ፣ ክዳን ሲከፈት ከሌላው ጋር ይቀያየራልና። ሰዓቱን ሲጽፉ «ጠዋት 1 ሰዓት» ብለው ግልጽ ያድርጉት፤ በእኛና በአውሮፓውያን አቆጣጠር መካከል ያለው የ6 ሰዓት ልዩነት ትኩሱን ናሙና የቆየ፣ የቆየውን ትኩስ ያስመስለዋል።

ወደ ላቦራቶሪ እስኪደርስ ጥላ ባለበት ቦታ ይቆይ፤ የሐዋሳ የቀትር ፀሐይ በመኪና መስኮት ሥር የተቀመጠን ናሙና ፈጥኖ ያበላሸዋል። የኤች ፓይሎሪ ናሙና ከዘገየ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ማቀዝቀዣ ከምግብ ተለይቶ ሊቀመጥ ይችላል። ውሃማ ሰገራ ግን ማቀዝቀዣ አይገባም፤ ብርዱ የአሜባውን እንቅስቃሴ ስለሚያቆመው መለየት ያዳግታል።

በሆቴልና በምግብ ቤት ሥራ ለጤና ምስክር ወረቀት የሚመረመሩ ሰዎች፣ ፈርተው የሌላ ሰው ናሙና የሚያቀርቡበት አጋጣሚ አለ። ምልክት የሌለው ሰው ሲስት ተሸክሞ ለብዙ ሰው ሊያስተላልፍ ስለሚችል ምርመራው የሚደረገው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከተገኘም የሚታከም ነው።

ደረጃ 6፦ ውጤቱን ያንብቡ

ባለሙያው ከናሙናው በጣም ጥቂቱን በጨው ውሃና በአዮዲን በጥብጦ በመስታወት ላይ ያያል። መጀመሪያ በወረቀቱ ላይ የሚያገኙት የሰገራውን መልክ ነው፤ ፎርምድ ማለት የጠነከረ፣ ሉስ የላላ፣ ዋተሪ ውሃማ፣ ሙኮይድ ንፍጥ ያለበት፣ ብለዲ ደም ያለበት ማለት ነው። ቀጥሎ ኦ/ፒ የሚል አለ፤ የእንቁላልና የተውሳክ ማሳጠሪያ ሲሆን፣ «ኖ ኦ/ፒ» የተባለው በታየው ናሙና ውስጥ አልተገኘም ማለት ነው። በሰውነትዎ ውስጥ የለም የሚል ዋስትና ግን አይሰጥም።

ፐስ ሴል ወይም ደብሊው ቢ ሲ የሚለው ነጭ የደም ሕዋስን፣ አር ቢ ሲ ቀይ የደም ሕዋስን ያመለክታል። ነጩ በብዛት ካለ የአንጀት ቁጣ መኖሩን፣ ብዙ ጊዜም እንደ ሺጌላ ያለ ባክቴሪያን ያስጠረጥራል፤ ቀዩ በርክቶ ነጩ ካነሰ ሐኪሙ ወደ አሜባ ሊያዘነብል ይችላል። አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት የመደመር ምልክት ሲደረግ የብዛቱን መጠን ያሳያል፤ ሦስት ምልክት ያለበት ሰው ከባለ አንዱ ይልቅ በጣም ታሟል ማለት ግን አይደለም።

የአሜባ ውጤት ከሁሉ ይልቅ ማብራሪያ ይፈልጋል። በሽታ የሚያመጣው ኢንታሜባ ሂስቶሊቲካና ጉዳት የሌለው ኢንታሜባ ዲስፓር በማይክሮስኮፕ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ባለሙያው በተራው ምርመራ ሊለያቸው አይችልም። ሂስቶሊቲካ መሆኑን የሚያጠናክረው ትሮፎዞይቱ ቀይ የደም ሕዋስ ውጦ ሲገኝ ነው። ስለዚህ ምልክት በሌለው ሰው ላይ የተጻፈ «ሲስት» እና ደም በቀላቀለ ተቅማጥ ውስጥ የታየ «ትሮፎዞይት» በእኩል ክብደት መታየት የለባቸውም። በተጨማሪም ኢ. ኮላይ ተብሎ የሚጻፈው አንዳንድ ጊዜ ኢንታሜባ ኮላይ የተባለውን፣ ሕክምና የማያስፈልገውን አሜባ የሚያመለክት ሲሆን፣ ከባክቴሪያው ኢ. ኮላይ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ሲስቱ እስከ 8 ኒውክለስ (የሕዋስ እምብርት) ስለሚኖረው ባለ 4ቱን ሂስቶሊቲካ ከሚያውቅ ባለሙያ አያመልጥም። «አሜባ አለብህ» የተባለ ሰው በየወሩ ፍላጅል ከመዋጥ፣ የትኛው አሜባ፣ በየትኛው መልክ እንደታየ ቢጠይቅ ሆዱም ኪሱም ይድናል።

ጃርዲያ ከሆነ፣ በትሮፎዞይትም በሲስትም ቢገኝ፣ የሆድ መነፋትና የሚገማ ቅባታማ ተቅማጥ ካለ ሕክምናው ግልጽ ነው። የወስፋት፣ የመንጠቆና የጅራፍ ትል እንቁላሎችም ቀጥተኛ ሕክምና አላቸው። ስትሮንጂሎይደስ የሚባለው ትል ግን በእንቁላሉ ሳይሆን ከእንቁላሉ በሚወጣው ጨቅላ ትል፣ ማለትም በላርቫው የሚታወቅ ነው፤ ኮርቲዞን በሚወስድ ሰው ላይ አደገኛ ስለሚሆን «ላርቫ» የሚል ቃል ካዩ ውጤቱን በዚያው ቀን ለሐኪምዎ ያሳዩ።

ታይፎይድ በሰገራ ማይክሮስኮፕ አይታይም። በካልቸር ሊገኝ ቢችልም፣ በሕመሙ የመጀመሪያ ሳምንት የተሻለው የደም ካልቸር ነው፤ ዊዳል የሚባለውም የደም ምርመራ ነው። የካልቸር መልስ ባክቴሪያው እስኪያድግ ከ2 እስከ 3 ቀን ስለሚወስድ በዚያው ቀን እንዲሰጥዎት አይጠብቁ።

ቢልሃርዚያ በተጠረጠረበት ጊዜ ካቶ ካትዝ የተባለው ዘዴ ተሠርቶ ከሆነ፣ ወረቀቱ ላይ በ1 ግራም ሰገራ ውስጥ ያለውን የእንቁላል ብዛት የሚያሳይ ቁጥር ያገኛሉ። ዘዴው 41.7 ሚሊግራም ሰገራ ለክቶ ስለሚያይ፣ የተቆጠረው በ24 ተባዝቶ ነው የሚጻፈው። ከ1 እስከ 99 ቀላል፣ ከ100 እስከ 399 መካከለኛ፣ 400ና ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። የእንቁላሉ ጎን ላይ ያለው ሹል እሾህ መለያው ነው።

ደረጃ 7፦ ውጤቱ «ምንም የለም» ሲል

ተውሳኮች በየቀኑ እኩል አይወጡም፤ ጃርዲያ ለቀናት ጠፍቶ ተመልሶ ይታያል። በዚህ ምክንያት ጥርጣሬው ጠንካራ ሲሆን በ10 ቀን ውስጥ ቀን እየዘለለ 3 ናሙና መስጠት የተለመደው አሠራር ነው። ሦስቱንም በአንድ ቀን መስጠት ግን አንዱን ደግሞ ከማየት አይሻልም። የኮንሰንትሬሽን ዘዴ የሚባለው፣ ናሙናውን አጣርቶና አሽከርክሮ እንቁላሉን ወደ አንድ ቦታ የሚሰበስበው አሠራር፣ ጥቂት እንቁላል ያለበትን ሰው የማግኘት ዕድሉን ከፍ ያደርጋል፤ ባለበት ላቦራቶሪ መጠየቅ ይቻላል።

ሁለተኛው ምክንያት ጊዜ ነው። ቅዳሜ ሐይቅ ውስጥ ዋኝቶ ሰኞ የሚመረመር ሰው በቢልሃርዚያ ቢያዝም እንኳ እንቁላል አይገኝበትም፤ ትሎቹ አድገው እንቁላል መጣል የሚጀምሩት ከ5 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ነው። ወስፋትም እንዲሁ ከ2 እስከ 3 ወር ይወስዳል።

ደረጃ 8፦ ከሕክምና በኋላ

ምልክቱ የጠፋ ሰው ለጃርዲያ ወይም ለአብዛኛው ትል ተመልሶ መመርመር ግድ አይሆንበትም፤ ምልክቱ ከቀጠለ ግን ይደገማል። ኤች ፓይሎሪ የተለየ ነው፤ ሕመሙ ቢሻልም መጥፋቱ መረጋገጥ አለበት፣ ምርመራውም ፀረ ባክቴሪያው ካለቀ ቢያንስ 4 ሳምንት፣ ኦሜፕራዞል ከቆመ ቢያንስ 2 ሳምንት ሲሞላው ይደረጋል። በደም የሚሠራው የኤች ፓይሎሪ ምርመራ ባክቴሪያው ከጠፋ ከረጅም ጊዜ በኋላም «አለ» ሊል ስለሚችል ለዚህ ዓላማ አይሆንም።

ለቢልሃርዚያ የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል የጎለመሱትን ትሎች ይገድላል፤ ገና በማደግ ላይ ያሉትን ግን በደንብ አይደርስባቸውም። በመሆኑም መድኃኒቱን በወሰዱበት ሰሞን ሐይቅ ውስጥ ገብተው የነበሩ ሰዎች፣ ከሳምንታት በኋላ ሲመረመሩ እንቁላል ሊታይባቸው ይችላል፤ ዓሣ ማጥመድ መተዳደሪያቸው ለሆኑት ደግሞ አዲስ ልክፈት ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ከእነዚህ የትኛው እንደሆነና መድኃኒቱ መደገም እንዳለበት የሚወስነው ቀኖቹን አስተያይቶ ስለሆነ፣ መድኃኒቱን የዋጡበትንና ለመጨረሻ ጊዜ ውሃ የገቡበትን ቀን ከውጤት ወረቀቱ ጀርባ ጽፈው ይዘው ይቅረቡ።